ካርታው ላይ የሌለው ጓዳ

ስሙን ሳነሳ «እሱ» ስል አትታዘቡኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ «እሳቸው» ብዬዋለሁ። በእኛ አገር አበልጅ ለአበልጅ አንቱ ነው የሚባባለው፤ ዕድሜም ሀብትም አይታይበትም። የአወቀን ልጅ እየሩስን በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ አወቀ አበልጄ ነበር። ነበር ነው የምለው። አሁን «እሱ» ነው፤ እሱም በዝቶበታል።

ጥሩሸዋ እባላለሁ። ትውልዴ ራቤል ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ግንበኛው ገብረየሱስ አገባኝና መሐል ሜዳ አመጣኝ። ሱፍ እፈትላለሁ፤ በእኔ ፈትል የተሠራ ባና ደርቦ የማያውቅ የመሐል ሜዳ ሰው ካለ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው። ገብረየሱስ ዝምተኛ ነበር። ከእኔ ጋር ለመኖር ዝምተኛ መሆን ሳያስፈልግ አይቀርም። ስንጋባ የነበረን አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም ካርታ የሰጠን በዚያችው በአንዷ ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ ገብረየሱስ መጨመሩን አላቆመም። ልጃችን እስከዳር ስትወለድ በምሥራቅ በኩል ጓዳ ጨመረ። እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ ከራቤል ስትመጣ ለእሷ መኝታ ሠራ። ጭሱ ሲያስለኝ ጊዜ ደግሞ ማድ ቤቱን ለብቻው አወጣው። ቀኑን የሰው ቤት ሲገነባ ይውልና ማታ የተረፈች ድንጋይ በትከሻው ይዞ ይገባል። «ከየት ነው?» ስለው «ሰጥተውኝ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ፈቃድ? ማን ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል! ሚስቱ ስታምጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማህተም የሚያስመታ ባል የት አለ?

የጓዳው ግድግዳ ግን ግድግዳ ነበር። ውፍረቱ ሁለት ክንድ፣ የመንዝ ነፋስ መርፌ ቀዳዳ እንኳ አያገኝበትም። አወቀ ጎረቤታችን ነው፤ ገብስና ሱፍ ይነግዳል። ያኔ፣ ገብረየሱስ በሕይወት ሳለ፣ በግ አስነድቶ ጠላ አሸክሞ መጣና «አበልጅ፣ ከግድግዳችሁ ላስጠጋ» አለ። እኛ ሰፈር ይሄ የተለመደ ነው። ድንጋይ ማመላለስ ወገብ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጎረቤት ደህና ግድግዳ ካለው ሦስት ግድግዳ ብቻ ትሠራለህ፣ የጣራህን ወራጆች በጎረቤትህ ግድግዳ ላይ ታሳርፋለህ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። በጉ ይታረዳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አለቀ። ገብረየሱስ በገዛ እጁ ግድግዳውን ፈልፍሎ የአወቀን አምስት የባሕር ዛፍ ወራጆች አስገባለት። ጫፋቸው አልፎ በእኛ ጓዳ በኩል ብቅ ብሎ ቀረ። እኔ ፎጣና ወንፊት እሰቅልባቸው ነበር።

እየሩስ ባሏን ፈታ ወደ አባቷ ስትመለስ የሰጣት ያችኑ የተጠጋችውን ክፍል ነው። የስፌት መኪናዋን አስገባች፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ራሷን ቻለች። እኔ ወዲህ እፈትላለሁ፣ እሷ ወዲያ ትሰፋለች። ሲደክማት ግድግዳውን በመቀሷ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እኔም በድንጋይ እመልስላታለሁ። ነይ ቆሎ ብይ ማለት ነው። ከሆዴ የወጣችው እስከዳር ናት እንጂ የዕለት ልጄስ እየሩስ ነበረች።

ገብረየሱስ ከሞተ አራት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ሳንባዬ ከዳኝ። ሐኪሙ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «እማማ፣ ይሄ ብርድ ይገድልዎታል፣ ወደ ቆላ ይውረዱ» አለኝ። እስከዳር ዓለም ከተማ ነው ትዳሯ። ቤቱን ሽጬ እዚያ አጠገቧ ሁለት ክፍል ልገዛ ቆረጥኩ። ገዢም አላስቸገረኝም፤ ምንተስኖት የሚባል መምህር፣ ሊያገባ የደረሰ፣ ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየና ያንኑ ቀን ቀብድ ሰጠኝ። «ብቻ እማማ፣ ከገና በፊት ስሙ ይዙርልኝ። ሠርጌ ነው። ካልሆነ ሌላ ቤት ተይዞልኛል፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ። እውነቱን ነው። ለእኔ ግን ሌላ ገዢ እስኪመጣ ሌላ ክረምት መጣ ማለት ነው። ሌላ ክረምት ደግሞ እኔን በሕይወት እንደማያገኘኝ ሳሌ ይነግረኝ ነበር።

እየሩስ ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ሜትሯን አውጥታ ለካችኝ። «የመንገድሽን ቀሚስ እኔ ነኝ የምሰፋልሽ እማ ጥሩ፣ እስከዳር ደጅ ተጎሳቁለሽ አትደርሺም» አለችኝ።

አባቷ ደግሞ በማግስቱ መጣ። «አበልጅ፣ ለባዕድ ከሚሰጡት ለእኔ ይሁን» አለና መምህሩ ካለው ግማሹን ጠራ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳቄን ቆጥሮ ይዞብኛል ለካ።

ሳምንት ሳይሞላ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ መዝገብ የያዘች ወጣት፣ አንዱ ሜትር የያዘ ሰውዬ። ሰውዬው ይለካል፣ ልጅቷ ትጽፋለች።

«እማማ፣ ይሄ ጓዳ መቼ ተሠራ?»

«እስከዳር የተወለደች ዓመት።»

«ዓመተ ምሕረቱን ነው የጠየቅሁዎት።»

«እኔስ ምን ነገርኩሽ?»

ካርታውን ገለጠች፣ ጓዳውን አየች፣ መልሳ ካርታውን አየች። «ካርታው ላይ የለም» አለች። እናቴ የሞተችበት ክፍል ገባን፤ እሱም ካርታው ላይ የለም። ማድ ቤቱም የለም። «ኧረ ልጄ፣ እኔስ አለሁ?» አልኳት። ልጅቷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ሥራዋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ጠራችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። መኝታውና ማድ ቤቱ በመቀጫ እንደሚያልፉ ነገረችኝ። «ጓዳው ግን ድንበር ላይ ነው ያረፈው። አቤቱታም ቀርቦበታል።»

«የማን አቤቱታ?»

«የወሰንተኛዎ። የአቶ አወቀ።»

ወረቀቱን ስጪኝ አልኳት። መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ ቀስ እያልኩ ነው የማነብ፤ ያን ቀን ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። «ወይዘሮ ጥሩሸዋ ያለ ፈቃድ በሕገወጥ መንገድ የገነቡትን» ይላል። ከታች ፊርማው። ሕገወጥ! በዚያ ግድግዳ ሥር ገብረየሱስ ያፈሰሰውን ላብ እያየ፣ በጉን አርዶ ምርቃቱን ተቀብሎ፣ ወራጁን አሳርፎ፣ ልጁን አስታቅፎኝ! ልጅቷ ውኃ አመጣችልኝ።

«ሁለት መንገድ አለዎት» አለችኝ። «አንዱ ፕላን አሠርተው ማስፈቀድ ነው፤ ለዚያ ወሰንተኛዎ መስማማታቸውን ይፈርማሉ። እሳቸው እምቢ ካሉ እርስዎ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጓዳውን ያፈርሳሉ፤ ከዚያ ስሙ ይዞራል።»

ሱቁ ሄድኩ። አቤት፣ ያን ቀን ራሴን እንዴት እንዳዋረድኩ! ገብስ እየመዘነ ነበር። «አበልጅ፣ በእየሩስ ሞት፣ ይፈርሙልኝ» አልኩት፤ አንቱ ብዬ።

ቀና እንኳ አላለም። «ሕግ ነው እንግዲህ አበልጅ። ዋጋዬን ነግሬዎታለሁ። ለእኔ ከሸጡት ፊርማም ፕላንም አያስፈልግ፣ ግድግዳውም ጓዳውም ያው የእኔ ነው የሚሆነው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «መቼም ገብረየሱስ የካበውን እርስዎ አያፈርሱት።»

«አንተ» አልኩት።

እጁ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አንተ አወቀ። ገብረየሱስ ካለበት ሆኖ ይስማህ» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ጓዳው ውስጥ በጀርባዬ ተጋደምኩ። እንዲያ ስቃጠል፣ በምን ላሳርረው እያልኩ ሳብሰለስል፣ ዓይኔ ከፎጣዬ ላይ አረፈ። ፎጣዬ የተሰቀለው ከወራጅ ጫፍ ላይ ነው። ወራጁ የአወቀ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ቤቴን የራሱ አድርጎ ከመቁጠሩ የተነሳ አፍርሱባት ያለው ግድግዳ የገዛ ጣራውን እንደ ተሸከመ ረስቶታል! እስኪያስለኝ ሳቅሁ። እያሳለኝም ሳቅሁ።

በማለዳ ቢሮ ሄጄ «አፈርሳለሁ» ብዬ ፈረምኩ። «ለወሰንተኛውም ግልባጭ ይድረሰው፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳይል» አልኩ። ከዚያ ኪዳነን ጠራሁት። ኪዳነ የገብረየሱስ ተማሪ የነበረ ነው፣ አሁን ራሱ ዋና ግንበኛ ሆኗል። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና ወራጆቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እትዬ፣ የአቶ አወቀ ጣራ እኮ እዚህ ላይ ነው ያረፈው።»

«አውቃለሁ።»

«እየሩስስ? መኪናዋን የት ታደርጋለች?»

«አባቷን ጠይቀው» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል።

ግልባጩ በደረሰው በነጋታው አወቀ ማዘጋጃ ቤት ሲሮጥ እኔ የመቀጫውን ደረሰኝ ለመቀበል አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። አላየኝም። «ይታገድልኝ! ግድግዳው ከወረደ የእኔ ክፍል ይፈርሳል!» ይላል።

ልጅቷ መዝገቧን ገለጠች። «የትኛው ክፍል ነው አቶ አወቀ? በእርስዎ ካርታ ላይ በዚያ በኩል ክፍል የለም።»

አንገቱን ወደ መዝገቡ አሰገገ።

«ፈቃድ አለው?» አለችው።

ዞር ሲል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሰይ! ያን ፊት በብር አልሸጠውም። ለእሱም እንደ እኔ ያለ ደብዳቤ ተጻፈለት።

ከዚያማ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሽማግሌ ከነንስሐ አባታችን ደጄን ሞሉት። እፈርማለሁ ብሏል አሉ፣ ሙሉ ዋጋውን እከፍላለሁ ብሏል አሉ። ከሁሉ ያሳዘኑኝ አባ ገብረማርያም ናቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ቆመው «ልጄ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ» አሉኝ።

«አባ፣ የፕላኑ ነገር ከገና በፊት አይደርስም» አልኩ። እውነት ነበር። ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም፤ ለአባ መዋሸት ስለከበደኝ ጨመርኩበት። «ይቅር እለዋለሁ። ግድግዳው ከወረደ በኋላ።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ቀትር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለሁ ግድግዳው ተንኳኳ። ኳ ኳ። በመቀስ ነው። ድንጋዬ ከጎኔ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። እንደገና አንኳኳች። እንዝርቴን አንስቼ መፍተል ጀመርኩ። ሦስተኛ አላንኳኳችም።

የታኅሣሥ ገብርኤል በዋለ ማግስት ደቦ ጠራሁ። ጾም ስለነበር ንፍሮና ሽሮ ነው ያቀረብኩት፤ ጠላ ግን እንደ ልብ። ያን ግድግዳ ሲካብ ድንጋይ ያቀበሉ ሰዎች ናቸው አሁን ሊያወርዱት የመጡት፣ ጥቂቶቹ ሸብተው። ኪዳነ አወቀን አስቀድሞ «ጣራዎን በባላ ይደግፉ» ብሎት ነበር። አልደገፈም። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሴትዮዋ አታደርገውም ሲል ነበር አሉ።

አደረግሁት። የሰው ንብረት ላለማጥፋት ኪዳነ ቆርቆሮውን አስነቀለ፣ አምስቱን ወራጆች አንድ በአንድ አስወጣና በአወቀ ደጅ ደረደረለት። አወቀ ጋቢውን ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል። አንድ ወራጅ በወጣ ቁጥር ይደነግጣል። ልዋሽ? አንጀቴ ራሰ። አራት ዓመት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። «አይዞህ፣ ሕግ ነው» አልኩት በሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። ይበለው! አሁንም ይበለው እላለሁ።

እየሩስ ከውስጥ ወጣች። መጀመሪያ የመኪናውን ራስ አወጣች፣ ቀጥላ እግሩን እየጎተተች አወጣችና ላስቲክ አለበሰችው። ሰው ሊያግዛት ብድግ ሲል በእጇ ከለከለች። ያልተሰፉትን ዩኒፎርሞች በሻሽ ቋጥራ መኪናው ላይ አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ መልስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ፣ አባትሽን በይው ልላት። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ የደቦው ሰልፍ ውስጥ ገባች፣ ከእኔ ቀጥሎ። ድንጋይ እየተቀበለች ለእኔ ታቀብለኝ ጀመር።

«እማ ጥሩ፣ ያዢው። ይሄኛው ይከብዳል» አለች።

ከዚህ ሌላ ያን ቀን አልተናገረችኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእጇ ወደ እጄ ድንጋይ ሲያልፍ ዋለ። ገብረየሱስ በትከሻው አንድ በአንድ ያመጣው ድንጋይ ነው። ግድግዳው አልቆ ነፋሱ እንደ ልቡ ሲገባ የእየሩስ ክፍል ባለ ሦስት ግድግዳ ሆኖ ለመንገደኛ ሁሉ ታየ። ግድግዳው ላይ ዩኒፎርም የምትሰቅልባቸው ሚስማሮች ነበሩ፤ አንደኛው ላይ ሜትሯ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ስሙ ከገና በፊት ለምንተስኖት ዞረለት። እኔም ዓለም ከተማ ገባሁ። ይሞቃል። ሳሌ ቀነሰልኝ፣ ሐኪሙ እውነቱን ነው። አባ ገብረማርያም በስልክ «ግድግዳውስ ወረደ፣ ቃልሽስ?» ብለውኝ ነበር። አውታሩ ተቆረጠ ብዬ ዘጋሁባቸው።

የጥምቀት ሰሞን የድሮ ጎረቤቴ ጠጄ ለንግድ መጣችና ፌስታል ሰጠችኝ። «እየሩስ ናት የላከችው፤ የመንገድሽ ቀሚስ ነው፣ መንገዱ ቀድሞኝ ነው በያት ብላለች» አለችኝ። ቀሚሱን ዘረጋሁት። ልኬ ነው፣ ወገቡ፣ እጅጌው፣ ሁሉ ነገሩ።

«አሁን የት ነው የምትሰፋው?» አልኳት ጠጄን።

«የት ይሁን? እዚያው ነዋ። አባቷ ተቀጥቶ አልቆ ምን ይሥራላት? በሦስቱ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥራ ትሰፋለች። ውርጩ ጣቷን ሲያደነዝዘው ብብቷ ውስጥ እየከተተች፣ ሞቅ ሲላት እየቀጠለች።»

የእየሩስን ስፌት አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ክር ተወጥሮ የተሰመረ ነው የሚመስለው። መነጽሬን አድርጌ ቀሚሱን ገለባብጬ አየሁት። እስከ ጉልበት ድረስ ቀጥ ያለ ነው። ታች፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ግን ስፌቱ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቦታ ላይ ፈትታ እንደገና ሰፍታዋለች፣ የድሮው የመርፌ ቀዳዳ ይታያል፤ ሁለተኛውም ተንቀጥቅጧል።

አወቀን ይቅር አላልኩትም፣ አልልም። ቀሚሱ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እስከዳር በየበዓሉ «እማዬ፣ ምነው አትለብሽውም?» ትለኛለች። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። አልለበስኩትም።